ስለ ቀጠሮና ስለ ሥራ ጥራት፤ ለእጅ ሥራ መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች በምዕራብ ዓባያ የተደረገ ንግግር




ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገረው ስለ አንድ ጠባብ ነገር ነው። ይኸውም የእጅ ሥራ የሚያስተምር መምህር፤ በአንድ ወገን ሥራው በተቀጠረለት ቀን እንዲያልቅ የሚያዝዘው ደንብ፤ በሌላ ወገን ሥራው ያማረና የጸና እንዲሆን የሚጠይቀው ሕሊናው በየፊናው ሲጎትቱት ምን ማድረግ እንደሚገባው ነው። ነገሩ ምንም ጠባብ ቢሆን ቀላል አይደለም። ከዚህ ከብርብር ጀምሮ እስከ ዓባያ ሐይቅ ዳር ድረስ መጋዝና መሮ ይዞ በልጆች ፊት የቆመ መምህር ሁሉ በየዓመቱ የሚገናኘው ችግር ነው።

በዚህ ነገር መምህራን በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ቀኑን ያከብራል። የትምህርት መዝጊያ ቀን ሳይደርስ አርባው ልጅ አርባ በርጩማ ያስረክባል፤ መምህሩም በመዝገቡ ላይ አርባ ምልክት አድርጎ ደስ ብሎት ይሄዳል። ዳሩ ግን ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲደርስ፤ እንግዳ መጥቶ በተቀመጠበት ጊዜ የበርጩማው እግር ይወልቃል። ሁለተኛው ወገን ጥራትን ያከብራል። ልጁ የሠራውን ያስፈርሰዋል፤ እንደ ገና ያሠራዋል፤ ደግሞም ያስፈርሰዋል። ዓመቱ ሲያልቅ ልጁ ሁለት እግር ብቻ ያለውን በርጩማ በትምህርት ቤቱ ጥግ ትቶ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለሳል። አባቱም «ዓመቱን ሙሉ ምን ስትማር ከረምህ?» ብሎ ሲጠይቀው የሚያሳየው ነገር የለውም። እኔ እንደሚመስለኝ ከነዚህ ከሁለቱ መምህራን አንዱ ከሌላው አይሻልም፤ የመጀመሪያው ልጁን ማታለልን፤ ሁለተኛው ደግሞ ጀምሮ መተውን አስተምረውታልና።

ስለ አንድ በርጩማ እግር ይህን ያህል መናገር ምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ቢኖር ምክንያቱን ልናገር። በአገራችን በእጁ የሚሠራ ሰው ለብዙ ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ብረት የሚቀጠቅጠው፤ ቆዳ የሚፍቀው፤ ሸክላ የምትሠራው፤ ሥራቸው ለሁሉ እያስፈለገ ስማቸው ግን ስድብ ሆኖ ነበር። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። በዚህ በጋሞ አገርም ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ከሌላው ወገን ጋር እንዳይጋባ፤ በዱቡሻም ላይ እንደ ሌላው ሰው ተቀምጦ ነገር እንዳይናገር ይከለከል እንደ ነበር ሽማግሌዎቻችን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። አዋጅ ስድብን ይከለክላል እንጂ ንቀትን ከሰው ልብ አያወጣም። እንግዲህ የትምህርት ቤት ልጅ የሠራው ዕቃ ባደባባይ ሲሰበር የሚሰደበው ልጁ ብቻ አይደለም። «ድሮስ የእጅ ሥራ የማን ሥራ ነበረና ነው ልጄን የሚያስተምሩት?» የሚለው አሮጌ ነገር እንደ ገና አፉን ይከፍታል። ብዙ አባቶች የእጅ ሥራ ትምህርትን የሚመዝኑት ልጃቸው ወደ ቤት ይዞት በመጣው ዕቃ ነው፤ በዚህም አይፈረድባቸውም።

ቀጠሮንና ጥራትን አስማምቶ መያዝ እንዴት እንደሚቻል ለመማር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ከዚህ ከቆላው ወደ ደጋው ወደ ጨንቻና ወደ ዶርዜ ቀና ብለን ሸማኔውን እንመልከት። በጋሞ አገር ጥጡን ሴቶች ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ፤ ወንዱም ልጅ ገና በትንሽነቱ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ ክሩን በቀሰም ላይ በማጠንጠን ሙያውን ይጀምራል። ይህ ሸማኔ ከቀጠሮ ጋር የሚታገል ሰው ነው። ደንበኛው ነጠላውን ለጥምቀት ብሎ አዝዞ እንደ ሆነ፤ በጥምቀት ማግስት የደረሰ ነጠላ የጥምቀት ነጠላ ሊባል አይችልም። ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ወደ ሽሮ ሜዳ ወርዶ የሚኖረውም ሸማኔ ለመስቀል ወደ አገሩ መመለስ አለበት፤ ስለዚህ ከመስቀል በፊት የያዘውን ሸማ ጨርሶ ገንዘቡን መቀበል የግድ ይሆንበታል።

አሁን ይህ ሰው ጊዜውን እንዴት እንደሚያደርግ እናስተውል። ፍጥነቱ በሥራው ሁሉ እኩል አይደለም። ድሩን በሚደራበት ጊዜ አይቸኩልም፤ የክሩን ቁጥር ይቆጥራል፤ የተበጠሰውን ይቀጥላል፤ የላላውን ያጠብቃል። በድሩ ላይ የተሳተ አንድ ክር ከሸማው ራስ እስከ ጫፍ ድረስ ስሕተቱን ይዞ እንደሚሄድ ያውቃልና። ድሩ ከተስተካከለ በኋላ ግን መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ይበርራል፤ ያን ጊዜ ቢቸኩል ጉዳት የለበትም። ጥለቱ ላይ ሲደርስ እንደ ገና ቀስ ይላል። ቀኑ ከጠበበበትም ብልኅ የሆነው ሸማኔ ጥለቱን ጠባብና ቀላል ያደርገዋል እንጂ ማጉን አያሳሳም። ማጉን አሳስቶ ሸማውን ቶሎ የሚያስረዝመው ሸማኔም አለ፤ የእርሱ ሥራ ግን በገበያ ላይ አምሮ ይታይና በመጀመሪያው እጥበት ይገለጣል።

እኔ ለእጅ ሥራ መምህራን የምነግረው ከዚህ የተለየ አዲስ ነገር የለኝም። ጊዜ ሲያጥር የሥራውን መጠን አሳንሱ፤ የሥራውን ጽናት ግን አትንኩ። የቀረው ንግግሬ ሁሉ ይህ ነገር በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚፈጸም ለማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው ቀን ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። አንዱ የሰው ቀን ነው፤ ሌላው የዕቃ ቀን ነው። የሰው ቀን የምለው እኛ የቆረጥነውን ነው፤ የፈተና ቀን፤ የትምህርት መዝጊያ ቀን፤ የኤግዚቢሽን ቀን። ይህ ቀን ሊገፋም ሊሳብም ይችላል። የዕቃ ቀን የምለው ግን እንጨቱ፤ ሸክላው፤ ቀርከሃው ራሱ በተፈጥሮው የሚቆርጠውን ነው፤ ርእሰ መምህር ቢቆጣ ሚኒስትርም ቢያዝ ይህ ቀን ከስፍራው አይንቀሳቀስም።

እርጥብ ባሕር ዛፍ ዛሬ ተቆርጦ ነገ ቢጠረብ ለመሮ ይለሰልሳል፤ ልጁም ሥራው ስለ ቀለለለት ደስ ይለዋል። እግሩን ቀርጾ ከቀዳዳው ውስጥ ሲከተው ልክክ ይላል። ጥቂት ሳምንት ሲያልፍ ግን እንጨቱ ደርቆ ይሟሽሻል፤ እግሩም ይወላለቃል። በዚህ ነገር ልጁ በእጁ አልሳተም፤ የሳተው ቀኑን የቆረጠው መምህር ነው። በእኛ ቆላ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ጣውላው ፀሐይ ላይ ተጥሎ በችኰላ ይድረቅ ቢባል፤ ጫፉ ከመካከሉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ከጫፉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጣውላን በጥላ ሥር፤ ከመሬት ከፍ አድርጎ፤ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገቡ ነፋስ እንዲያልፍበት መደርደር፤ ጫፉንም ቀለም ወይም ሰም መቀባት ይገባል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው ጣውላ በዚህ ሁኔታ እስኪደርቅ ወራት ይፈልጋል። ዋንዛም ቢሆን፤ ግራቪሊያም ቢሆን፤ ከዚህ ሕግ የሚያመልጥ እንጨት የለም።

ሸክላም እንዲሁ ነው። ማሰሮው ሳይደርቅ ወደ እሳት ቢገባ በውስጡ የቀረው ውሃ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይሰብረዋል፤ ሸክላ ሠሪዋ ይህን ከእናትዋ ተምራለች፤ ማንም በመጽሐፍ አላስተማራትም። ቀርከሃም ሦስት ዓመት ሳይሞላው ቢቆረጥ ደካማ ነው፤ ነቀዝም ቶሎ ይበላዋል። በኮላ የተጣበቀ ማጋጠሚያ ቢያንስ አንድ ሌሊት በሞርሳ ወይም በገመድ ተጠፍንጎ ማደር አለበት።

የዶርዜን ቤት ያያችሁ ሰዎች አንድ ነገር ታስታውሳላችሁ። ያ ከቀርከሃ ተሠርቶ እስከ 12 ሜትር ከፍታ የሚደርስ ቤት፤ ከሥሩ በምስጥ እየተበላ ዓመት በዓመት ዝቅ ይላል፤ ሆኖም ገና ሲሠራ ረጅም ሆኖ ስለ ተሠራ ብዙ ዓሥርተ ዓመታት ይኖሩበታል። ምስጡ ሥሩን ሲጨርሰውም ሰዎች ተሰብስበው ተሸክመው ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውሩታል። ይህን ቤት የሠራው ሰው ጊዜ በሥራው ላይ የሚያደርገውን አስቀድሞ ቆጥሯል። እኔ በእጅ ሥራ መጻሕፍት ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ያገኘሁት ጥቂት ነው።

እንግዲህ መምህሩ መስከረም ሲጠባ የዓመቱን ዕቅድ በሚጽፍበት ጊዜ፤ አስቀድሞ የዕቃውን ቀኖች ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ የሰውን ቀኖች በመካከላቸው ያግባ። ብዙ መምህር ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። የመዝጊያውን ቀን በቀይ ቀለም ጽፎ ይነሣና እንጨቱን በግንቦት ይፈልጋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፤ በግንቦት የተፈለገ እንጨት በሐምሌ ይፈታል።

ሁለተኛው ነገር ሒሳብ ነው። የእጅ ሥራ መምህር ከሒሳብ መምህር ያላነሰ ሒሳብ ማስላት አለበት። አንድ ምሳሌ ላቅርብ። የትምህርቱ መንፈቅ 16 ሳምንት ነው፤ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ፤ እያንዳንዱም 40 ደቂቃ ነው እንበል። በበዓልና በፈተና ምክንያት ሁለት ሳምንት ይቀራል፤ 14 ሳምንት ይተርፋል፤ ይህም 28 ክፍለ ጊዜ ነው። መሣሪያ ለማውጣት አምስት ደቂቃ፤ ጠርጎ ለመመለስ አምስት ደቂቃ ሲቀነስ፤ ለሥራ የሚቀረው 30 ደቂቃ ነው። 28 ጊዜ 30 ደቂቃ 840 ደቂቃ ይሆናል፤ እርሱም 14 ሰዓት ነው። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ዳሩ ግን በክፍሉ 50 ልጆች ቢኖሩ መጋዙም አምስት ቢሆን፤ አምስቱ መጋዝ በ14 ሰዓት የሚሰጠው 70 ሰዓት ብቻ ነው፤ ይህ ለ50 ልጅ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 1 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይደርሰዋል።

እንግዲህ መጋዝ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ በ1 ሰዓት ከ24 ደቂቃ አራት እግር፤ አራት ማገናኛ፤ አንድ መቀመጫ ቆርጦ ሊጨርስ ይችላልን? አይችልም። ይህ ሒሳብ በመስከረም ቢሠራ ኖሮ በሰኔ የሚሆነው ጭንቀትና ቁጣ ባልኖረም ነበር። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ሥራው ለተሰጠው ጊዜ ከመጀመሪያውም ስለሚበዛ ነው።

መፍትሔው ምንድን ነው? ለጀማሪው መጋጠሚያ የሌለውን ትንሽና ጠቃሚ ዕቃ መስጠት ነው። የዶማ እጀታ፤ የመዶሻ እጀታ፤ ማማሰያ፤ እነዚህ ብዙ መጋዝ አይፈልጉም፤ በቢላዋና በመላጊያ ይሠራሉ፤ ልጁም ወደ ቤቱ ሲወስዳቸው በማግስቱ ሥራ ላይ ይውላሉ። እጀታ ንቁ የሆነ ፈታኝ ነው፤ የሸካከረ እንደ ሆነ የአባቱን እጅ ያቆስላል፤ የተጣመመ እንደ ሆነ ዶማው ይሽከረከራል፤ ስለዚህ መምህሩ ሳይናገር ዕቃው ራሱ ይፈርዳል። በርጩማ የግድ ይሠራ ከተባለ ደግሞ አራት ልጆች አንድ በርጩማ ይሥሩ። እያንዳንዱ አንድ እግርና አንድ ማገናኛ ይሠራል፤ ስሙንም በሠራው እግር ውስጠኛ ገጽ ላይ ይጽፋል። የአራቱ ሥራ ተገናኝቶ ካልገጠመ የማን ልክ እንደ ተሳሳተ ወዲያው ይታያል፤ ከዚህም የተነሣ ልጆቹ ከመምህሩ ይልቅ እርስ በርሳቸው አጥብቀው ይቆጣጠራሉ።

ይህ ነገር በሌላም አገር ተፈትኗል። ፊንላንድ በ1866 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ኡኖ ሲግኔውስ በተባለ ሰው ምክር፤ የእጅ ሥራን በሕዝብ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ግዴታ አደረገች። ከዚያ በኋላ በስዊድን አገር ናስ በሚባለው ስፍራ ኦቶ ሳሎሞን የእጅ ሥራ መምህራንን የሚያሠለጥንበት ትምህርት ቤት ነበረው። የእርሱ ደንብ ልጁ በቢላዋ ከሚሠራ ትንሽ ዕቃ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ከባዱ እንዲወጣ፤ እያንዳንዱም ዕቃ ለቤት የሚጠቅም እንዲሆንና ሳይፈጸም ወደ ሌላ እንዳይታለፍ፤ መምህሩም በልጁ ሥራ ላይ እጁን እንዳያስገባ ነበር። በሞስኮ ደግሞ ቪክቶር ዴላ ቮስ የሚመራው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሌላ መንገድ ያዘ። እነርሱ ጊዜን ለመቆጠብና ብዙ ተማሪ በአንድ ጊዜ ለማስተማር ሲሉ፤ ዕቃ ከማሠራት አስቀድመው መጋጠሚያዎችን ብቻ፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ በተራ በቁራጭ እንጨት ላይ ያሠሩ ነበር። ይህ ሥርዓት በ1876 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በፊላደልፊያ ኤግዚቢሽን ላይ ታይቶ አሜሪካኖች እጅግ አድንቀውታል።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ተብዬ ብጠየቅ፤ ለእኛ ለመንደር ትምህርት ቤት ከየሁለቱ ጥቂት ጥቂት ይበቃል እላለሁ። መጋጠሚያውን አስቀድሞ በቁራጭ እንጨት ላይ አንድ ጊዜ ማሠራት የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፤ ዳሩ ግን መልካሙን ጣውላ ከመበላሸት ያድናል። ዓመቱን ሙሉ ግን ልጁን በቁራጭ ላይ ብቻ ማዋል ልቡን ያደርቀዋል፤ ጥቅሙን የማያይበትን ነገር አምሮ እንዲሠራ ልጅን ማስገደድ በጣም ከባድ ነውና።

ሦስተኛው ነገር፤ አንድ ትልቅ ቀጠሮ ሰጥቶ ከመተኛት ይልቅ አራት ትናንሽ ቀጠሮ መስጠት ነው። የመጀመሪያው ልኩ በእንጨቱ ላይ የሚሠመርበት ነው፤ መጋዝ ከመነካቱ በፊት መምህሩ መሥመሩን በማዕዘን መለኪያ ይመረምራል። ሁለተኛው የመቁረጡ ነው። ሦስተኛው ዋናው ነው፤ ይኸውም ዕቃው ያለ ኮላና ያለ ምስማር በደረቁ የሚገጠምበት ቀን ነው። በዚህ ቀን ወንዴው ጫፍ ከሴቴው ቀዳዳ ገብቶ፤ ዕቃው በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ መነቃነቁና አለመነቃነቁ ይታያል። መምህሩ ተመልክቶ በጠመኔ ምልክት ካላደረገበት በቀር ማንም ልጅ ኮላ እንዳይነካ። ኮላና ምስማር ስሕተትን ይሸፍናሉ እንጂ አያርሙምና፤ ከዚያ በኋላ ማረም ማለት ማፍረስ ነው። አራተኛው የማለስለሱና የመቀባቱ ቀን ነው። ጊዜ ያጠረ እንደ ሆነ የሚቀነሰው ከዚህ ከአራተኛው ነው፤ ቀለም ያልተቀባ በርጩማ በርጩማ ነው፤ ያልገጠመ በርጩማ ግን ቀለም ቢቀባም ማገዶ ነው። ይህን የምለው መምህራን ለኤግዚቢሽን ሲሉ ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ስለሚያደርጉ ነው፤ ቀለሙን አብዝተው መጋጠሚያውን ይረሱታል።

በዚህ አሠራር ፈጣኑ ልጅና ዘገምተኛው ልጅ ይለያያሉ። ፈጣኑ ቀድሞ ሲጨርስ የዘገምተኛውን ሥራ ነጥቆ እንዲጨርስለት መፍቀድ አይገባም፤ ሁለቱንም ይጎዳቸዋል። ይልቁንም መሮ ይሳል፤ ለመጪው ክፍል ጣውላ ይደርድር፤ የበርጩማውን ሥዕል በልክ ይንደፍ። መሣሪያ መሳል ከሙያው ግማሹ ነው፤ በደነዘ መሮ የሚሠራ ልጅ ጊዜውንም ጥራቱንም ባንድነት ያጣል። ዘገምተኛው ደግሞ ከክፍሉ ሁሉ ጋር አንድ ዓይነት ዕቃ ይሥራ ማለት ግዴታ አይደለም፤ ያነሰ ዕቃ ይሰጠውና እርሱን አሳምሮ ይፈጽም። እግረ መንገዴን ሴት ልጆችን የሚመለከት አንድ ቃል ልናገር። በእጅ ሥራ ሰዓት ሴቶቹን መጥረጊያ እያስያዙ ወንዶቹን መጋዝ የሚያስይዙ መምህራን አሉ። እንዝርት የምታሾር ልጅ የክሩን ውፍረት በጣትዋ የምትመዝን ናት፤ የሚሊ ሜትር ነገር ከወንዱ ይልቅ ቶሎ ይገባታል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እመጣለሁ፤ በዚህም ነገር ሽማግሌዎች አጥብቀው እንዲሰሙኝ እለምናለሁ። ከዚህ ከጋሞ ደጋ «ሥራ አስተምራቸዋለሁ፤ ትምህርት ቤትም አስገባቸዋለሁ» እያሉ ሕፃናትን ከወላጆቻቸው ተቀብለው ወደ አዲስ አበባ የወሰዱ፤ ከዚያም ከንጋት እስከ ሌሊት በሸማኔ ጉድጓድ አስቀምጠው በቀን ይህን ያህል ክንድ ካልሸመንህ እራት የለህም ያሉ ሰዎች እንደ ነበሩ የተሰወረ አይደለም። እነዚያም ልጆች በቀጠሮ ይሠሩ ነበር፤ ሸማውም ያማረ ነበር። ነገር ግን ቀጠሮው ለሸማው እንጂ ለልጁ የተቈረጠ አልነበረም። ትምህርት ቤት ከዚያ ቤት የሚለየው በዚህ ነው። ትምህርት ቤት የሚያወጣው ዕቃ ልጁ ራሱ ነው፤ በርጩማው ምስክር ነው።

ይህን ያነሣሁበት ምክንያት አለኝ። ለአንድ መሥሪያ ቤት ወይም ለአንድ ስብሰባ ወንበር ሲያስፈልግ፤ «የእጅ ሥራ ልጆች አሉን፤ እስከ ዐርብ ሠላሳ ወንበር ያድርሱልን» የሚል ትእዛዝ ወደ ትምህርት ቤት ሊመጣ ይችላል። መምህሩም ተመስግኖ ለመታየት ሲል እሺ ይላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው። ጥሩ የሚሠሩት አምስት ልጆች ከሌላው ትምህርታቸው ቀርተው ሌት ተቀን ይሠራሉ፤ የቀሩት አርባ አምስት ቆመው ያያሉ ወይም እንጨት ይሸከማሉ። አምስቱ ደከሙ፤ አርባ አምስቱ አልተማሩም፤ ወንበሩም በእርጥብ እንጨት ተሠርቷል። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲመጣ መምህሩ ከሽማግሌዎችና ከወላጆች ጋር ተማክሮ፤ «የምንችለው አራት ወንበር ነው፤ ቀኑም ከሁለት ወር በኋላ ነው» ብሎ በትሕትና ይመልስ። ይህን ለማለት መምህሩ ብቻውን አይበቃም፤ የሽማግሌ ቃል ከጀርባው ያስፈልገዋል። ስለዚህ ነው ዛሬ ለሁለታችሁም ባንድነት የምናገረው።

የሽማግሌዎች ረዳትነት በሌላም መንገድ ያስፈልጋል። በምዕራብ ዓባያ መጋቢትና ሚያዝያ የዝናብና የዘር ጊዜ ነው፤ የሙዝና የማንጎ መልቀሚያም ሲሆን የጭነት መኪና ቆሞ ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ ልጆች ከትምህርት ይቀራሉ። ልጁ አይቅር ብሎ መናገር ቀላል ነው፤ እርሻው ግን የሚያበላው ነውና ነገሩን በንግግር ብቻ መከልከል አይቻልም። መምህሩ ይህን አውቆ ከአራቱ ቀጠሮዎች አንዱንም በእነዚህ ሳምንታት ላይ አያድርግ፤ ወላጁ ደግሞ ልጁን በደረቅ መግጠሚያው ቀን እንዳያስቀርበት ቀኑን አስቀድሞ ይነገረው። በቤተ ሰብና በትምህርት ቤት መካከል ብዙ ጠብ የሚነሣው ቀን ባለመነጋገር ነው። በዱቡሻ ቀጠሮ ተቀብሎ የሚቀር ሰው ነውረኛ ተደርጎ በሚቆጠርበት አገር ይህን መለማመድ አስቸጋሪ ሊሆን አይገባም።

ደግሞም በየቀበሌው ያሉት ባለ ሙያዎች፤ አናጢው፤ ሸማኔው፤ ሸክላ ሠሪዋ፤ በመንፈቅ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በክፍል ውስጥ ተገኝተው ልጆች ፊት ይሥሩ። ልጆቹ ከእነርሱ የሚማሩት የእጅን አሠራር ብቻ አይደለም፤ የት ላይ መቸኰል እንደሚቻልና የት ላይ እንደማይቻል ከእጃቸው ያያሉ። ሸክላ ሠሪዋ በክፍል መግቢያ ቆማ መምህሩ ተነሥቶ «እንኳን ደኅና መጡ» ብሎ ሲቀበላት ልጆች ማየታቸው ደግሞ ብቻውን አንድ ትምህርት ነው።

ስለ ውጤት አሰጣጥም ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። በቀኑ ያስረከበ ግን ያልጸና ሥራ፤ ዘግይቶ የደረሰ ግን የጸና ሥራ፤ ለየትኛው ይበልጥ ይሰጠዋል? ሁለቱን በአንድ ቁጥር ማስታረቅ አይቻልምና ሁለት ቁጥር ስጡ። ለጽናቱ አንድ፤ ለቀጠሮው ሌላ። ልጁ ከሁለቱ በየትኛው እንደ ጎደለ ይወቅ፤ በአንዱ የጎደለውን በሌላው እንዲሸፍን አይፈቀድለት። ከዚህ ወጥቶ ወደ አርባ ምንጭ የሙያ ትምህርት የሚሄደው ልጅ በዚያ የሙያ ብቃት ምዘና ይጠብቀዋል፤ በምዘናውም የተወሰነ ሰዓት ተሰጥቶት በዚያው ሰዓት ውስጥ በልክ የሆነ ሥራ እንዲያወጣ ይጠየቃል። ሰዓቱም ልኩም ባንድነት ሲጠየቁ ያን ጊዜ መጀመሪያው እንዳይሆንበት ከአሁኑ ይለማመድ።

መዝጊያው ደርሶ ሳያልቅ የቀረውን ሥራ ደግሞ በችኰላ አታስፈጽሙት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለምን? የልጁ ስም፤ የደረሰበት ደረጃና የቀረው ሥራ በወረቀት ተጽፎ ይታሰርበትና በደረቅ ስፍራ ይቀመጥ፤ መስከረም ላይ ከዚያው ይቀጥላል። ይህ የሚሆነው ግን ለሚመለሰው ልጅ ነው። በዚያ ዓመት ትምህርት ቤቱን ፈጽሞ የሚሄደው ልጅ መስከረም የለውም፤ ስለዚህ ለእርሱ የመጨረሻው መንፈቅ ሥራ ከእጀታ ወይም ከትንሽ ሣጥን እንዳይበልጥ አድርጋችሁ ቀንሱለት፤ የፈጸመውን ነገር በእጁ ይዞ ይውጣ።

ከዚህ ስብሰባ በኋላ መምህራን ወደየትምህርት ቤታችሁ ስትመለሱ ጎተራውን እንድታዩ እለምናችኋለሁ። ለመጪው ጥቅምት የሚሠራበት ጣውላ ከአሁኑ ካልተገዛ በጥቅምት ደረቅ እንጨት አይገኝም። ከወላጆች መካከል ከራሱ ጓሮ አንድ ባሕር ዛፍ ወይም አንድ ግራቪሊያ ሊሰጥ የሚችል ቢኖር ለመምህሩ ይንገር። እንጨቱ ተሰንጥቆ በጥላ ሥር ሲደረደርም የተደረደረበትን ቀን በጣውላው ጫፍ ላይ በቀለም ጻፉበት፤ በጠመኔ የተጻፈ እንደ ሆነ እስከ ጥቅምት አይቆይም።